የሚስቅ የራስ ቅል

ገዛኢ የራስ ቅል መሳል አልሆነለትም። ከማለዳ ጀምሮ በሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜሎች ፊት ተንበርክኮ ከጥቁር ቀለም ጋር ሲታገል ቢያረፍድም፣ የሣላቸው ሁሉ ጥርሳቸው ወደ ጉንጫቸው እየተቆለመመ ይስቃሉ። ሞትን ማሳሰባቸው ቀርቶ ሠርግ ተጠርተው የሚቻኮሉ ነው የሚመስሉት። ከቅሉ ሥር ሁለቱን አጥንቶች አጋድሞ ሊያሰምር ሲሞክር ደግሞ ብሩሹ በእጁ ውስጥ ይርገበገባል፤ መስመሩም እንደ እባብ ይጥመለመላል። ቁርስ ስላልበላሁ ነው አለ ለራሱ። ትናንትም እንዲሁ ብሎ ነበር፤ ትናንት ግን ቁርስ በልቷል።

«ይሄ ደግሞ ምን አግኝቶ ነው የሚስቀው?» አለ የአካባቢ ጥበቃ ቢሮው ሾፌር ሓፍቶም፣ ሌላ በርሜል እያንከባለለ ሲገባ። «መርዝ ነው ወይስ የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ?»

«ከቻልክ አንተ ሣለው።»

«እኔ ያለኝ መንጃ ፈቃድ ነው፣ ሓወይ። የመግደያውን ፈቃድ የያዛችሁት እናንተ ባለዲግሪዎቹ ናችሁ።»

መጋዘኑ ከመቐለ ጠርዝ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ጣሪያዎች በሩቁ ከሚያብረቀርቁበት ሜዳ ወዲህ የቆመ፣ ቆርቆሮው የዛገ አሮጌ ቤት ነው። ከጦርነቱ በፊት ለአንበጣና ለተምች ተብሎ በእርዳታ የመጣ፣ ጊዜው ያለፈበት የፀረ ተባይ መርዝ በበርሜል በበርሜል ሆኖ እስከ ጣሪያው ተደርድሮበት ነበር። ከዚያ ከበባው መጣ፤ ቧንቧው ደረቀ፤ ከተማው ሁሉ ውሃ የሚይዝበት ዕቃ ፍለጋ ዓይኑን አፈጠጠ። አንድ ቀን የመጋዘኑ በር ተሰብሮ ተገኘ። መርዙን የፈለገው ሰው አልነበረም፤ የተፈለገው ዕቃው ነው። መርዙ ከጀርባ ወዳለው ጉድባ ተደፋ፤ በርሜሉ ወደየቤቱ ሄደ።

ይህን በቢሮው ውስጥ የማያውቅ የለም። ገዛኢ ለፈንዱ ማመልከቻውን ሲጽፍ ግን የድሮውን ፋይል ከፍቶ፣ «በአስተማማኝ ሁኔታ ተቀምጦ መወገዱን የሚጠባበቅ ክምችት» የሚለውን ሐረግ እንዳለ ገለበጠው። ጦርነት አልፎበት ያልተነካ ነገር በክልሉ ውስጥ ቢኖር ያ ሐረግ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ፈንዱ ገንዘብ የሚሰጠው አገሮች ስለ ኬሚካልና ስለ አደገኛ ቆሻሻ የተፈራረሙትን አህጉራዊ ስምምነት ሥራ ላይ እንዲያውሉ ነው። በማመልከቻው መሠረት በመጀመሪያው ምዕራፍ መርዙን ማንም አይነካውም፤ ስለ መርዙ ይመከራል፣ ስለ መርዙ ሥልጠና ይሰጣል፣ ስለ መርዙ የሚመክሩትን ሰዎች የምታመላልስ መኪና ትገዛለች። መርዙ የሚነሣው በሁለተኛው ምዕራፍ ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ ደግሞ እንደ ምጽአት ነው፤ ሁሉም ያምንበታል፣ ቀኑን የሚያውቅ የለም።

ዛሬ ከሰዓት የፈንዱ ሰዎች ክምችቱን በዓይናቸው ሊያዩ ይመጣሉ። ነገ ጠዋት፣ እዚሁ በር ላይ፣ ካሜራ ባለበት ይፈረማል።

«በርሜሉ የለም ካልናቸው ችግሩ ተፈቷል ይሉናል» ብሎ ነበር ባለፈው ሳምንት የቢሮው አስተባባሪ አቶ ፍሰሃጽዮን፣ ሠራተኛውን ሰብስቦ። «እንኳን ደስ አላችሁ ብለው፣ የምስክር ወረቀት ሰጥተውን ይሄዳሉ። እኛም የምስክር ወረቀቱን እየበላን እንከርማለን። ወገኖቼ፣ ችግር የሌለው ፕሮጀክት ሬሳ ሳይኖር የተጣለ ድንኳን ማለት ነው። ማን ይገባበታል?»

በጦርነቱ ያለ ደመወዝ መክረም ምን እንደሆነ በዚያ ክፍል ውስጥ ያልቀመሰ አልነበረም። በማግስቱ ጸሐፊዋ የቤቷን በርሜል አመጣች፤ ሒሳብ ሹሟ አስከተለች። አንዳንዱ በርሜል ገና የጌሾ ሽታ አለው። ትናንት ማታ ደግሞ የከተማው ቦቴ መጥቶ እስከዚያ የመጡትን በውሃ ሞላቸው፤ ባዶ በርሜል ሲነካ ይጮሃላ። ቢጫ ጀሪካናቸውን በጎዳናው ዳር አሰልፈው ሲጠባበቁ የሰነበቱት የሰፈሩ ሴቶች፣ ቦቴው በፊታቸው አልፎ ወደ መጋዘኑ ግቢ ሲታጠፍ በዓይናቸው ሸኙት። ከመካከላቸው አንዷ ሓፍቶምን በቢሮው መኪና መስኮት ጠርታ፣ «መርዙም ውሃ ይጠማዋል እንዴ?» አለችው። ሓፍቶም መስታወቱን ዘግቶ ቦቴውን ተከተለ።

አቶ ፍሰሃጽዮን ጫማውን ከአቧራው እየጠበቀ ገባና ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር ቃኘው። ከፊተኛው ረድፍ መካከል አንድ ቦታ ክፍት ነው።

«ይሄ የወለቀ ጥርስ ይመስላል። የማን ነው ያልመጣው?»

«የእኔ ነው» አለ ገዛኢ። «የእናቴ በርሜል ስዋ ተጠምቆበታል። ነገ የወንድሜ ተዝካር ነው።»

ስዋ የትግራይ ጠላ ነው፤ ያለ ስዋ ተዝካር ደግሞ ያለ ውሃ ጥምቀት እንደ ማለት ነው። አቶ ፍሰሃጽዮን ይህን ስለሚያውቅ ፊቱ ለአፍታ ለሰለሰ። «ነፍሱን ይማረው» አለ። «አደራህን፣ ዛሬ አመሻሹ ላይ ወደ ጋን ገልብጡትና ሓፍቶም ያምጣልኝ። ፊርማው ጠዋት ነው፣ ተዝካሩ ከሰዓት። ሟችም ቢሆን በወንድሙ እንጀራ አይጨክንም።»

ሲወጣ፣ በሩ ጥግ ድንጋይ ላይ የተቀመጡት ዘበኛው ኣቦይ ኣረፋይነ ከትከት ብለው ሳቁ። መጋዘኑ ባዶ ከሆነ ወዲህም ባዶውን እየጠበቁ ኖረዋል፤ ተነሱ ያላቸው የለም። ከጠዋት ጀምሮ የተደረደሩትን በርሜሎች አንድ በአንድ እየዞሩ ታችኛውን ጎናቸውን ሲያዩ ነበር።

«ምን ያስቅዎታል፣ ኣቦይ?»

«የእኔዎቹን ስፈልግ ነበር። እዚህ አንዱም የለ።»

«የእርስዎዎቹን በምን ይለዩዋቸዋል? በርሜል ሁሉ አንድ ነው።»

«ላም ሁሉ አንድ ነው?» አሉ ሽማግሌው። «ሌባ ስዕል አይፈራም፣ ወደይ። እኔ ገና በደጉ ጊዜ፣ አንድ እንዳይጎድልብኝ ብዬ ሁሉንም በጋለ ብረት ተኩሻቸዋለሁ። ታፋቸው ላይ፣ ከወገባቸው ዝቅ ብሎ። የአባቴ ከብቶች ምልክት ነው፤ ግማሽ ጨረቃ፣ ከሥሯ ሁለት ነጥብ። ሌላው ቢታጠብ እሷ አትታጠብም።»

ብሩሹ በገዛኢ እጅ ውስጥ ቆመ።

ያቺን ግማሽ ጨረቃ ያውቃታል። በየማለዳው ፊቱን ሊታጠብ ከእናቱ ጓዳ ውሃ ሲቀዳ፣ እንቅልፉ ሳይለቀው የግራ እግሩን አስደግፎ የሚቆመው እሷ ላይ ነው። ገብረመስቀል የሠራት ነበር የሚመስለው። ታናሽ ወንድሙ ሥራ ሲፈታ ሚስማር አግሎ የወንበሩን እግር፣ የበሩን መቃን፣ ያገኘውን ሁሉ የሚተኩስ ልጅ ነበር፤ ታዲያ በርሜሉን ለምን ይምረዋል? ከሞቱ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱ የወንድሙ ጠባሳ የቤቱ ጌጥ ሆነ። እሷንም እንደዚያው ቆጥሯት ኖረ።

ያንን በርሜል ያመጣው ገብረመስቀል ነው። በከበባው መካከል አንድ ምሽት በራሱ ላይ ተሸክሞት መጣ፤ ለእናቱ ውሃ ሞላላትና በሳምንቱ ዘመተ። ከዚያ የመጣው መርዶው ነው።

ገዛኢ እጁን ወደ ብርሃኑ አውጥቶ አየው። ቁርስ አይደለም።

*

የፈንዱ መኪና ከምሳ በኋላ መጣች። ከናይሮቢ የመጣው ሚስተር ኦቲዬኖ ረጅም፣ ጠጉሩ ገብስማ የሆነ፣ ድምፁን እንደ ቄስ ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሰው ነው። አብሮት ያለው ደመላሽ ከአዲስ አበባ የመጣ አማካሪ ነው፤ ኦቲዬኖ የሚለውን ወደ አማርኛ ይመልሳል። ሁሉም እንግሊዝኛውን ይሰማሉ፤ እሱ ግን የሚከፈለው ለዚህ ስለሆነ ይተረጉማል፣ እነሱም እንደ አዲስ ይሰማሉ።

ኦቲዬኖ ከደጃፉ አላለፈም። ኢንሹራንሱ አይፈቅድለትም። ከደፉ ላይ ቆሞ በርሜሎቹን በዝምታ ተመለከተ፤ በርሜሎቹም መልሰው ሳቁለት። አቶ ፍሰሃጽዮን ከጎኑ ቆሞ ተዘጋጅቶበት የመጣውን ንግግር ለቀቀው።

«ይህ ሕዝብ ከሞት ጋር ጉርብትና ይዞ ነው የሚኖረው!» አለ፣ እጁን ወደ ሰፈሩ እየዘረጋ።

ጉርብትናውስ ባልከፋ፣ አለ ገዛኢ በሆዱ። ጎረቤት ማታ ማታ ወደ ቤቱ ይገባል።

ኦቲዬኖ አንድ ሁለት ፎቶ አነሣና ወደ ደመላሽ ጎንበስ ብሎ በረጅሙ ተናገረ። ደመላሽ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሚስተር ኦቲዬኖ የሚሉት፣ ባለፉት ዓመታት ከአንድም ሁለት አገር ውሃ የተሞላ በርሜል አሳይተዋቸዋል። እዚህ እንደዚያ ነው ማለታቸው አይደለም። ግን ልምድ ሆኖባቸው ናሙና ሳይዙ አይፈርሙም። ዛሬ ማታ ሆቴላቸው ይድረስላቸው። ውጤቱ ከውጭ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ ነገ ይፈረማል፣ ገንዘቡ የሚለቀቀው ውጤቱ ሲመጣ ነው።»

ከቦርሳው ቡናማ ብልቃጥ አወጣና ዙሪያውን አየ። ሁሉም ባለሙያው ወደሆነው ወደ ገዛኢ ዞሩ። ብልቃጧ የሕፃን ጡጦ እንኳ አታህልም፤ መዳፉ ላይ ሲያርፍ ግን ከበደችው።

እንግዶቹ ወደ መኪናቸው ሲያመሩ ገዛኢ ደመላሽን በእጁ ያዝ አደረገው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንበልና በርሜሎቹ መጋዘን ውስጥ ባይሆኑ። እንበልና ሰው ቤት ቢሆኑ። ውሃ ቢቀዳባቸው፣ ስዋ ቢጠመቅባቸው። ፈንዱ ለዚያ ምን አለው?»

ደመላሽ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ከዚያ የገዛኢን ፊት አየና ፈገግታውን ቀስ ብሎ አነሣ። ወደ መኪናዋ ዞር ብሎ ርቀቱን ለካ።

«ስማኝ፣ ወንድሜ። እሱ ክምችት አይባልም። ክምችት ማለት አንድ ቦታ ያለ ነው። የተበተነ ከሆነ ብክለት ነው፤ ብክለት ሌላ የገንዘብ መስኮት ነው።»

«መስኮቱ ክፍት ነው?»

«ጥቅምት ላይ ተዘጋ። ሲከፈት እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ግን ጥናት ይጠይቃል፤ ስንት ቤት፣ ስንት ሰው፣ ምን ያህል ታሟል። ያለ ጥናት ማንም አይሰማህም።» ትከሻውን መታ አደረገው። «ጥሩ ትጽፋለህ ደግሞ። ማመልከቻህን አንብቤዋለሁ፤ የሕመም ምልክቶቹን የዘረዘርክበት ክፍል ልብ ይነካል።»

የሕመም ምልክቶቹን ገዛኢ ከሌላ አገር ሰነድ ነው የገለበጣቸው። አሁን ግን በቃሉ መጡለት። መርዙ በዝግታ ይሠራል፤ መጀመሪያ የጣት መደንዘዝ፣ ከዚያ የእጅ መንቀጥቀጥ።

መኪናዋ አቧራዋን አንሥታ ስትሄድ አቶ ፍሰሃጽዮን ክራባቱን አላላ። ደስታና ድንጋጤ በአንድ ፊት ላይ ይሻሙበት ነበር።

«ገበያ ሂድና ከፀረ ተባይ ሻጮቹ ሱቅ አንድ ጠርሙስ ግዛ።»

«አዲስ ነው። ከአሮጌው ወዲያው ይለዩታል።»

«እንግዲያው አሮጌ ፈልግ» አለ አስተባባሪው። «ያ ሁሉ መርዝ ከተማው ውስጥ ተበትኖ፣ አንዲት ብልቃጥ የሚሞላ ይጠፋል?»

ገዛኢ ብልቃጧን ኪሱ ከተተ። «አይጠፋም» አለ።

*

ቤት ሲደርስ ፀሐይዋ ወደ ማዘቅዘቁ ነበር። እድሩ ድንኳኑን ጥሎ ሄዷል፤ የተከራዩት አግዳሚዎች በግቢው ውስጥ ነገን እየጠበቁ ተደርድረዋል። እናቱ እታለም ጥቁር ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ በጓዳው ደፍ ላይ ብርጭቆ ታጥባለች። ብርጭቆዎቹ በእጇ ውስጥ እርስ በርሳቸው እየተጋጩ ይንጫረራሉ። ይህን ድምፅ ስንት ጊዜ ሰምቶታል። ሐዘኑ ነው ይሉ ነበር ጎረቤቶች፤ እሱም ሐዘኑ ነው ብሎ ተቀብሏቸው ነበር።

በርሜሉ በጓዳው ጥግ፣ አፉ በንጹሕ ጨርቅ ታሥሮ ቆሟል። ድሮ የራስ ቅሉ የነበረበትን ቦታ እናቱ በድንጋይ ፈግፍጋ ነጭ ኖራ ቀብታዋለች፤ በኖራው ላይ ስዋው እንዲባረክ በአመድ መስቀል ሠርታበታለች። ገዛኢ ተንበርክኮ ከወገቡ በታች ዳበሰው። ግማሽ ጨረቃዋ እዚያው አለች። ሁለቱ ነጥቦችም አሉ።

«ኣደይ።»

«አቤት፣ ወደይ።»

«ገብረመስቀል ይህን በርሜል ከየት ነበር ያመጣው?»

«ከዚያው ነዋ። ሰው ሁሉ ካመጣበት።»

«ምን እንደነበረበት ታውቂ ነበር?»

ብርጭቆዋን አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችው። ፊቷ ላይ ድንጋጤ ፈለገ፤ አላገኘም።

«አፍንጫ የለኝም እንዴ? ሽታው ራስ ያዞር ነበር። በአመድ አጠብኩት፣ በግራዋ አጠብኩት፣ ሳምንት ፀሐይ ላይ ደፋሁት። ወንድምህም ነግሮኛል። ቃላሚኖ ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ የራስ ቅል ማንበብ ያቅተዋል? አጥበሽ አጥበሽ ተጠቀሚበት፣ ሌላ አላገኘሁልሽም አለኝ። አልቅሶ ነው ያለኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ምን ታጠጣኝ ነበር?»

ገዛኢ በዚያ ክፉ ጊዜ በመቐለ መንገዶች ላይ ባዶ ጀሪካን ይዞ የዞረው ዙረት ሁሉ መጣበት።

«እኔ ይኸው ጠጥቼም አለሁ» አለች እታለም። «አንተም አለህ። የሌለው እሱ ነው። እሱን ደግሞ በርሜል አልገደለው።» ብድግ ብላ ወደ በርሜሉ ሄደችና ጨርቁን ፈታች። የጌሾው ጠረን ጓዳውን ሞላው፤ ሞቅ ያለ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ የበዓል ጠረን። «ና ይልቅ ቅመስልኝ። እጄ ከተበላሸ ወዲህ ጥሩ የወጣልኝ ዛሬ ነው። ለእሱ ብዬ ነው መሰለኝ።»

በዋንጫ ቀዳች። ዋንጫው ከበርሜሉ ደረቷ ጋ እስኪደርስ ሲሶው በመንገድ ፈሰሰ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ይህቺን ልሙላ» አለና ብልቃጧን ከኪሱ አወጣ።

«ምንድናት?»

«የቢሮ ናት።»

«ቢሮው ስዋ መጠጣት ጀመረ?»

«ላቦራቶሪ ነው የሚጠጣው። ውጭ አገር።»

«እሰይ» አለች እናቱ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ የፈገግታ ዘር በፊቷ ላይ እያለፈ። «ለገብረመስቀል ፈረንጅም ይቅመስለት።»

ብልቃጧን ወደ ስዋው አጠለቃት። አረፋ እየተፋች ሞላች። ክዳኗን ሲያጠብቅ ነገሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ታየው። ከሦስት ሳምንት በኋላ መርዝ አለበት የሚል መልስ ቢመጣ ገንዘቡ ይለቀቃል፣ ቢሮው ይተርፋል፣ እናቱ ተመርዛለች። ንጹሕ ነው የሚል መልስ ቢመጣ እናቱ ትድናለች፣ ቢሮው ተዘግቶ እሱ ሥራ ፈት ይሆናል። ዛሬ ማታ ተንበርክኮ ቢጸልይ የትኛውን ብሎ ነው የሚለምነው?

ተዝካሩ ግን ሦስት ሳምንት አይጠብቅም። ነገ ከሰዓት ሰፈሩ ሁሉ በእነዚያ አግዳሚዎች ላይ ይቀመጣል፤ ቄሶቹ፣ የእድሩ ዳኛ፣ ልጆቻቸውን አዝለው የሚመጡ ሴቶች። እናቱ በዚያች በማትጸና እጇ እየቀዳች ትዞራለች። ነፍሱን ይማር እያሉ ይጠጣሉ።

«ኣደይ፣ ራቅ በይ።»

«ምን ልትሆን ነው?»

ትከሻውን በርሜሉ ላይ ጣለ። ስዋ የሞላ በርሜል ቀላል አይደለም፤ እንደ ተኛ በሬ መጀመሪያ እምቢ አለ፣ ከዚያ ተነቃነቀ፣ ከዚያ በገዛ ክብደቱ ሄደ። ቡናማው ጎርፍ የጓዳውን ደፍ አልፎ ግቢው ውስጥ ተዘረገፈ፤ በአግዳሚዎቹ እግር መካከል እየሰነጠቀ፣ በድንኳኑ ካስማ ዙሪያ እየተሽከረከረ ወደ በሩ ወረደ። የገብሱ አተላ መሬቱ ላይ ቀረ።

እታለም ዋንጫዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አጣብቃ፣ የልጇ ድግስ አፈር ሲጠጣው ቆማ አየች።

«ነገ ለሰው ምን እሰጣለሁ?» አለች በመጨረሻ።

«ውሃ እንሰጣለን።»

«ውሃውስ ከየት?»

ገዛኢ ያለውን ውሃ አስታወሰ። ቦቴ ሙሉ ነው። በሚስቁ የራስ ቅሎች ሥር ተደርድሮ ካሜራ ይጠብቃል።

የግቢው በር ተንኳኳና፣ ሓፍቶም ከመልሱ በፊት ገባ። ጫማው እርጥቡ መሬት ላይ ጭቅ አለ። የፈሰሰውን አየ፣ የወደቀውን በርሜል አየ፣ እናትና ልጁን አየ። ሾፌር ነው፤ የተላከው ሊጭን ነው።

«ባዶ አድርጋችሁ ጠበቃችሁኝ» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። በርሜሉን አቅንቶ ሲያነሣው ጣቶቹ ከወገቡ ሥር ያለው ጠባሳ ላይ አረፉ። ጎንበስ ብሎ አያት። «ይህቺስ እውነተኛ ትመስላለች።»

ገዛኢ ብልቃጧን ዘረጋለት። ሓፍቶም ተቀብሎ በጃኬቱ ኪስ፣ ልቡ አጠገብ አስቀመጣት፤ በርሜሉን በትከሻው ተሸክሞ ወደ በሩ ሲያመራ፣ በአመድ የተሠራው መስቀል በጀርባው በኩል ወደ ግቢው እያየ ሄደ።

«ሓፍቶም፣ ወደይ» አለች እታለም ከኋላው። «መቼ ነው የምትመልሱልኝ?»

ሾፌሩ ዞሮ ገዛኢን አየ።

«እንግዶቹ ሲሄዱ፣ ኣደይ» አለ።

በሩ ተዘጋ። ግቢው ውስጥ የቀረው የጌሾ ጠረንና በጓዳው ጥግ በርሜሉ የቆመበት ክብ ምልክት ነበር። እታለም ደረቷ ላይ የያዘችውን ዋንጫ ዝቅ አድርጋ ወደ ውስጡ ተመለከተች። ለገዛኢ የቀዳችለት ስዋ እንዳለ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ የተረፈው እሱ ብቻ ነው።

«ይህቺ ለንስሐ አባታችን ትቆይ» አለች። «አንዲት ዋንጫ ሳይቀመስለት ተዝካር አይባልም።»

«ኣደይ…»

«ተው» አለች፣ ልመና በሚመስል ድምፅ።

ዋንጫውን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችና በሰሃን ከደነችው። በሰሃኑ ላይ በጣቷ መስቀል ልትሠራ ሞከረች፤ ጣቷ ተርገበገበ፣ መስመሩም በአቧራው ላይ እንደ እባብ ተጥመለመለ። ከደጅ የመኪናው ሞተር ተነሣ። ገዛኢ ሊደፋው እጁን ወደ ዋንጫው ዘረጋ፤ የራሱም እጅ ሰሃኑ ላይ ሲያርፍ፣ ሸክላው ከዋንጫው ከንፈር ጋር እየተጋጨ በቀስታ ይንጫረር ጀመር፤ እናትና ልጅ ድምፁን እያዳመጡ ቆሙ።